ሃያ አንድ ዲግሪ በቶተንሃም

እትዬ ሐረገወይን በሩን የከፈቱልኝ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ነው።

«ሊወጡ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«አይ፣ አሁን መግባቴ ነው። ግቢ፣ ግቢ ዳናዊት፤ ብርድ አይምታሽ።»

እግራቸውን አየሁ። በወፍራም ካልሲ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ቶተንሃም በጥር እንዲህ ሆኖ የወጣ ሰው የለም። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የቤት ማሞቂያ ራዲያተር ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ውሃ አሙቆ ወደ ራዲያተሮቹ የሚልከው ቦይለራቸው ላይ ሴንሰር የገጠምኩላቸው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነበር። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትበልጥ ነጭ ሳጥን ናት፤ ውጭ ግድግዳ ላይ ትሰቀልና የደጁን ብርድ ለቦይለሩ ትነግረዋለች። ደጁ ሲቀዘቅዝ እሱ ውሃውን ያሞቃል፣ ደጁ ሲሞቅ ያርፋል። ከኩባንያ ወጥቼ በራሴ ስም የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ስለነበር፣ በየአራት ቀኑ እየደወልኩ «ቤቱ እንዴት ነው?» እላቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ገነት ነው፣ ልጄ! ገነት!» ማኅበራቸው ላይም እንዲሁ ብለው አውርተውልኝ ሦስት ሰው ደውሎ ቀጥሮኛል። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ የመጣሁት በሰፈራቸው ሳልፍ ሰላም ልበላቸው ብዬ ነው።

«እስቲ ቼክ ላድርገው» ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። እዚያ ይሞቃል። ምድጃው ላይ ሽንኩርት ተጥዷል፤ ከበላዩ ያለው የጭስ ማውጫ ፋን ይጮኻል። ምድጃው አጠገብ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ትራስና ጋቢ። እትዬ የሚኖሩት እዚህ ነው።

የቦይለሩን ስክሪን ነካሁ። የደጁ ሙቀት 21 ዲግሪ ይላል። ሃያ አንድ! በመስኮቱ ሳይ እኩለ ቀን ሆኖ እንኳ የጓሮው ሣር ላይ ያለው አመዳይ አልቀለጠም።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሴንሰሩ ሰሜኑ ግድግዳ ላይ እንደሰቀልኩት አለ። ፀሐይ እንዳያገኘው ስጨነቅ፣ ከሥሩ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ያለውን የፋን ቀዳዳ ልብ አላልኩትም። የሽንኩርቱ እንፋሎት ቀጥታ ይመታዋል። እትዬ ሲበርዳቸው ድስት ይጥዳሉ፤ ድስት ሲጣድ ፋኑ ይነሳል፤ ፋኑ ሴንሰሩን ያሞቀዋል፤ ቦይለሩም ናዝሬት የገባ መስሎት ይተኛል። እሱ ሲተኛ እትዬን የባሰ ይበርዳቸዋል። ሦስት ሳምንት! ጥቅምት ላይ በሳንባ ምች ሆስፒታል የከረሙ የሰባ አንድ ዓመት ሴት!

አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«ብርዱን!»

«ጠዋት ጠዋት ለብ ይላል እኮ» አሉ፣ ዐይናቸውን እያሸሹብኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ልበል? ገና መጀመርሽ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ቦይለር ትሠራለች ወይ ሲሉኝ፣ የእኛ ልጅ ትሠራለች ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ፣ መልሼ ስምሽን ላጥፋ?»

«እናቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትላለች።»

«አንቺ ደግሞ፣ እዚህ ተወልደሽ ተረት ታስተምሪኝ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። እስኪያልፍላቸው ጀርባቸውን ደገፍኩ፤ በካፖርቱ ላይ እንኳ አጥንታቸው ይቆጠራል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። ያለቦታው ነው የሰቀልኩት። ሶሪ። በጣም ሶሪ።»

ምድጃውን አጥፍቼ መሰላሌን ከመኪና አወረድኩ። ሴንሰሩን ነቅዬ፣ ከፋኑ ርቆ ግድግዳው ጫፍ ላይ ለመስቀል ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስመለስ ስክሪኑ 2 ይላል። ቦይለሩ አጉረመረመና ተነሳ።

ሳሎን ስገባ እትዬ ራዲያተሩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ውይ፣ ሞቀ! እጅሽ ይባረክ!»

እኔም ነካሁት። በረዶ ነው።

«እትዬ፣ ሙቅ ውሃው ገና እዚህ አልደረሰም።»

ተያየን። ሌላ ምርቃት ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በረደኝ፣ ዳናዊት» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ብርድ ገደለኝ። እግሬ ደንዝዞ የእኔም አይመስለኝም።»

ሰው ሥራዬን ሲያመሰግን እንኳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወንበራቸውን ወደ ራዲያተሩ አስጠግቼ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካምደን ሰፈር ሌላ የሥራ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ቴክስት አድርጌ ለነገ አዛወርኩት። በየደቂቃው እጃቸውን ዘርግተው ራዲያተሩን ይነኩታል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ፣ «ገና ነው!» ይሉኛል።