የአንቀልባው ጨረታ

በዚያ ዘመን ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ ሲሸጥ፣ የባለቤቱ ትዝታም አብሮት ወደ ገዢው ይሄድ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማስጠገን አንቀልባቸውን ሊሸጡ ቆረጡ። የታዘለችበት ልጃቸው ረድኤት ቅር እያላት አሠራሩን አሳየቻቸው።

«በዝቅተኛ ዋጋ ጀምሪ፣ እማዬ። ገዢ ደግሞ በደፈናው ሲያሞግስ አትመኚው፤ አንድ ነገር ለይቶ ሲያነሳ ነው እውነቱ።»

አንቀልባው ተሸጠ። በሳምንቱ የገዢዋ አስተያየት ሲመጣ ረድኤት ጮክ ብላ አነበበችው።

«እናትየዋ የታመመች ልጇን አዝላ፣ እያንጎራጎረችላት የሞላ ወንዝ ስትሻገር አለቀስኩ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንዴት ያለች እናት ናት!» አሉ። «ልጅቷስ ዳነችላት?»

ረድኤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ድናለች፣ እማዬ» አለች።