የአማቷን አበባ ገድላ ሌላ ተከለችበት…

አፈሩን በጣቷ ጫረችው…

ያወጣችው ሥር እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ጣቷ ላይ ሟሟ።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

የአማቷ ሊሊ አበባ ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ…

ልጅቷ ካገባች አምስት ወሯ ነው። ከባሏ ጋር የምትኖረው አማቷ ቤት ነው። አማትየው ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው… ሳህን ሲታጠብ እንኳን ከኋላ ቆመው የሚያርሙ ዓይነት።

እኚህ ሴት ለልብ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሊገቡ ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ሊሊዬን አደራ። የአማቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ጠብቄያታለሁ።»

በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

ምስኪን፣ የጠማው መሰላት። ጠዋት አጠጣች፣ ማታ አጠጣች። ቅጠሉ ሲብስበት እሷም ባሰባት… ከሥራ እየሮጠች መጥታ ባልዲ ታነሳለች። እህል አልወርድ አላት።

እንግዲህ የበሰበሰውን ያወጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ችግኝ ሻጩ ጋ በረረች።

«እህቴ፣ ይሄ አበባ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል» አላት። «ውሃ ከልክለሽ ብትተይው በጊዜው ይነሳ ነበር።»

ፍርሃቷ ገደለው ማለት ነው…

ሰውየው በጥላ ቤት ያለወቅቱ ያበቀለው አንድ ለምለም ሊሊ ነበረው። ገዝታ እዚያው ቦታ ተከለችው።

ለባሏ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ዝም በይ። ሐኪሙ እማዬ በምንም እንዳትደነግጥ ብሏል። አንድ ነገር ብትሆን አንቺን አያድርገኝ።»

አማትየው የተመለሱ ቀን ቤት ከመግባታቸው በፊት፣ የልጃቸውን ክንድ ተደግፈው ወደ አበባው ሄዱ። ረጅም ጊዜ አዩት…

«እጅሽ ይባረክ» አሉ።

አለቀ፣ ተረፈች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን እዚህ ላይ ጭጭ ነበር የምለው።

እሷን ግን አላስቻላትም።

«እማዬ… ይቺ የእርስዎ አይደለችም። የእርስዎን ውሃ አብዝቼ ገድያታለሁ። ይቺን ገዝቼ ነው የተከልኩት።»

ባልየው ደርቆ ቀረ።

አማትየው ደረታቸውን ያዙ። «ወንበር…» አሉ።

ገደልኳቸው ብላ አሰበች። ሮጣ ወንበር አመጣች።

ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ገና ከበር ሳያት ነው ያወቅሁት። ሊሊ በዚህ ወር ለምልማ አታውቅም።»

ከዚያ እንባቸው መጣ።

«እኔም ሙሽራ ሳለሁ የአማቴን በውሃ ገድዬ፣ በዚሁ ወር ለምለም ገዝቼ ተክያለሁ። አማቴ አይተው "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። አላወቁም ብዬ ተገላገልኩ። በዓመቱ አበባዋ ስትተኛ ነው የገባኝ… ለካ ያኔውኑ አውቀዋል። ከዚያ በኋላም መናገር ፈራሁ። እሳቸው ሳይጠይቁኝ፣ እኔም ሳልነግራቸው ሞቱ።»

እጇን ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙት።

«አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳን አላሳደርሽውም።»

ወገኖቼ… የምንፈራው ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩን ያውቃል። የሚጠብቀው ከእኛው አፍ እስኪሰማው ነው። ጊዜው ሳያልፍ ንገሩት።

እስቲ ከታች ጻፉልኝ… እናንተ የደበቃችሁትን አውቆ ዝም ያላችሁ ሰው ማን ይመስላችኋል?

ዛሬ በሕይወት አለ?