ያልጮኸው ቃጭል

ሳንጃሊ በምርጫው ቀን ጠዋት ከዋና ከተማው ከባንጁል ተነስቶ ተወልዶ ያደገበት መንደር ገባ። አብረውት የመጡትን ሁለት ሰዎች ከመኪናው እንዳይወርዱ ነግሮ፣ ለታላቅ ሰው በስጦታ የሚወሰድ የኮላ ፍሬ የቋጠረ ፌስታል አንጠልጥሎ ብቻውን ወደ አክስቱ ግቢ አዘገመ። ጉንፋን የያዘው ይመስል ድምፁ ዘግቷል።

መንገድ ላይ ያገኙት ሰላምታውን መለሱለት፤ የተጠጋው ግን የለም። በምርጫ ቀን ከከተማ የሚመጣ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ መንደሩ ያውቃል። ባለፈው ምርጫ የመጡት ቲሸርት አድለው ነበር። ቲሸርቱ አልቆ መወልወያ ሆነ፤ ችግሩ እንዳለ ነው።

«የድምፅ መስጫ ብያችንን ሊሸምት መጣ» አሉ ከኋላው።

እማማ ኛሊንግ የእናቱ እህት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው። ልጆቻቸው በባሕር ወደ አውሮፓ እንደወጡ ቀርተዋል። የሩዝ ማሳቸውን ከወንዙ የሚወጣው ጨው በልቶታል። ሙቀጫቸው ተደፍቶ ዶሮ ይተኛበታል። ምርጫ ካልመጣ ደጃቸውን የሚረግጥ የለም፤ ይህንንም ሳይደብቁ ነገሩት።

ከዚያ ስለ አምስቱ ተወዳዳሪዎች አነሱ። መንደሩ የመጡትን ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋል፦ ጨዉን በምን ትመልሱልናላችሁ? አንዱ ስታዲየም እሠራለሁ አለ፤ አንዱ የቀድሞውን ሲረግም ውሎ ሄደ።

«አንዱማ መድረክ ላይ ቆሞ አለቀሰልን» አሉ። «እንባም ጨው ነው። እሱኑ ጨመረበት።»

ሳንጃሊ አንገቱን ደፋ።

«እንድትዋሸኝ አላሳደግኩህም። ከአምስቱ ዘዴ ያለው ማነው? ስሙን ጥራልኝ፣ ብዬን ለእሱ እጥላለሁ።»

ሳንጃሊ ከባንጁል ሲነሳ አንድ ስም ይዞ ነበር። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደሚለው ሲያስብ መጥቷል። የመጣው ለእሳቸው ብይ ነው፤ ሌላው ቢቀር የእሳቸውን አያጣም። አሁን ግን የተደፋውን ሙቀጫ አየ።

«አንዳቸውም የላቸውም፣ አክስቴ።»

እማማ ኛሊንግ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ አንድ ኮላ ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡት።

አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። እሳቸው ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ አልሰለፍም አሉ። ሳንጃሊን ግን ሰልፈኛው ዞር ብሎ አሳለፈው።

እዚህ አገር ምርጫ በብይ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አምስት በርሜሎች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ የተወዳዳሪው ፎቶ ተለጥፎበታል። ብዩን በቀዳዳው ስትለቀው ውስጥ ያለው ቃጭል አንዴ ይጮሃል፤ ከመጋረጃው ውጭ የተቀመጠችው የምርጫ ጸሐፊም ያንን ሰምታ ታሳልፍሃለች። ደወሉ ከቃጭሉ እንዳይምታታ፣ በዚያ ቀን ብስክሌት በአካባቢው ዝር አይልም።

ሳንጃሊ ብዩን ተቀብሎ ገባ። ቆየ። ጸሐፊዋ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ቃጭሉ አልጮኸም። ብዩን እንደጨበጠ ወጣ።

ብይ ይዞ መውጣት ያሳስራል። ጸሐፊዋ ልታስቆመው ብድግ አለች። ፊቱን አየችው፤ ወደ መጋረጃውም ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ማንጎው ሥር ደርሶ ብዩን እማማ ኛሊንግ መዳፍ ላይ አኖረው። ጨብጠው ያዙት።

«የእህቴን ልጅ ዛሬ ገና አገኘሁት» አሉ።

ከመኪናው ሁለቱ ሰዎች ሰዓታቸውን እያሳዩ በእጅ ጠሩት። አልሄደላቸውም።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ መሃለኛው በርሜል ላይ፣ የሳንጃሊ ፎቶ ፈገግ እንዳለ ነበር።