ያልታረመው ዓረፍተ ነገር

መምህርት አስካለ አራሚውን ከአንገቷ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ተማሪዎቿም የየራሳቸውን አወለቁ። ሰው ገና አፉን ሲከፍት ቀድሞ፣ አሳምሮ የሚናገርለት ይህ ማሽን ከመጣ ወዲህ ሰዋስው ማስተማር ክልክል ነው።

የሰባተኛ ቢ ልጆች ግን ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ደረታቸው ላይ ቃል ለጥፈው ተሰለፉ። «ገዛች» የሚል የተለጠፈባት ብሩክታይት «እናቴ»ን እና «ዳቦ»ን ቀድማ ፊት ቆመች። ጓደኞቿ እየተንከተከቱ ጎትተው መጨረሻ ላይ አቆሟት።

በሩ በኃይል ተከፈተ። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ግዛቸው ነበሩ።

«ማሽን እያለ ልጆቹን ምን ታደክሚያቸዋለሽ?»

«ትናንት ልጄ ደውሎ ‹እማዬ፣ ናፍቀሽኛል› አለኝ» አለች አስካለ። «ያለው እሱ ይሁን ማሽኑ እስካሁን አላውቅም። የእነዚህ ልጆች እናቶች እንደኔ አይሆኑም። ከፈለጉ ያባሩኝ!»

አቶ ግዛቸው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «አሁኑኑ አራሚያችሁን አጥልቁ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ብሩክታይት ከሰልፉ መጨረሻ ሆና እየተንተባተበች ተናገረች።

«እኛ... አፍ አለን እኛ! አናጠልቅም!»

አስካለ ጠመኔ አንስታ የልጅቷን ቃል እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታርም የኖረች መምህርት፣ አንዲት ፊደል አልነካችም።