የነከሰው ሞተር

ሜካኒኩ ሙያውን በሚለምድበት ዘመን፣ ጌታው አንዲትን ደንበኛ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ» ሲላት ሰምቶ ነበር። ጥፋቱ የጌታው እንዳልነበረ ያውቃል፤ ከዚያ በፊት ምን እንደተባባሉ ግን ረስቶታል።

ዛሬ የናሁሰናይ የውድድር መኪና ሞተር ሜካኒኩ ፊት ተፈታትቶ ተዘርግቷል። በውድድሩ መሐል ዘይት ተርቦ፣ የውስጥ ማንሸራተቻው ብሮንዚን ተበልቶ ሞተሩ ነከሰ፣ ባለበት ደርቆ ቆመ፤ መኪናዋም ተገለበጠች። ናሁሰናይ የተሰበረ እግሩን በክራንች ደግፎ የጋራዡ በር ላይ ቆሟል።

«ዘይት ሳትሞላ ሰደድከኝ፣ ጋሼ! ነገ በክለቡ ሰው ፊት ጥፋትህን ካላመንክ እኔው እናገራለሁ።»

«በገዛ እጄ ሞልቻለሁ! ሃያ ዓመት ያቆየሁትን ስሜን ልትቀብረው ነው?»

ሜካኒኩ አማትቦ ዘይት የሚስበውን ቱቦ ወንፊት ፈታ። ግራጫ ጭቃ ደፍኖታል። አፈር! ሰው ጨምሮበታል ማለት ነው። ማስረጃውን ጨብጦ ናሁሰናይን ሊጠራ ሲል፣ የልጁ እናት እትዬ ጥሩነሽ ቀረብ አሉትና ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈቱ።

«የደብራችን እምነት ነው፣ የተባረከው አፈር» አሉ፣ ልጃቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የውድድሩ ሰሞን አንተ ዞር ስትል የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ጨምሬበት ነበር። እንዲጠብቀው ብዬ። ትንሽ ስለሆነ ይሆናል ልጄ የተጎዳው፤ አሁን አንተ አብዝተህ ጨምርልኝ።»

ሜካኒኩ ወንፊቱን በጨርቅ ጠቀለለው።

«መሪው ላይ አስረዋለሁ፣ እትዬ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ወደ በሩ ተጣራ።

«ናሁ፣ እሺ። ነገ በክለቡ ሰው ፊት አምናለሁ።»