የቀኝ አውራ ጣት

የልጅ ልጄን ቀኝ አውራ ጣት የካርቶን መቁረጫው ማሽን ከወሰደባት ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ጣቷን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት።

«የካሳ ማመልከቻ እንጻፍ» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እማማ። ያመለከቱት ሁለቱ ልጆች በማግስቱ ነው የተባረሩት። አሥር ጣት ያለውም ሥራ አጥቷል፤ ዘጠኝ ይዤ ማን ይቀጥረኛል?»

የምትሠራበት ድርጅት ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ዛሬ ብቻ ነው። ሆዴ አልችል አለና እንቅልፍ እንደወሰዳት በሩን ቆልፌባት ወጣሁ።

የድርጅቱ ጸሐፊ ትሁት ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እናቴ፣ ለምን ለፉ? ‹ቤቴ ውስጥ ነው የተጎዳሁት፣ ካሳ አልጠይቅም› ብላ እኮ ፈርማለች።»

«በየትኛው እጇ? እኔ አይደለሁ እንዴ የማጎርሳት?»

«በአሻራ ነዋ» አለና ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። ቀኑ የዛሬ ነው። ከግርጌው ሰፊ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ መሀሉን አንድ ጠባሳ አግድም ያቋርጠዋል። ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። በአምስት ዓመቷ የጣሳ ክዳን ቆርጧት፣ ደሙ እስኪቆም በመዳፌ ጨብጬ የያዝኩት ቀኝ አውራ ጣቷ ነው።

«መቼ ነው የተፈረመው፣ ልጄ?»

«አሁን፣ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት።»

የቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። አሻራውን በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ አልደረቀም፤ ወረቀቱም ከሥሩ ገና ይሞቃል።