አራተኛዋ ዘፋኝ

«የጦር መሪ ፊት ሰለቸን፤ ሕዝቡ የሚወደው ይውጣበት» ተባለና፣ በአዲሱ የወረቀት ገንዘብ ላይ በአንድ ማይክ ይዘፍኑ የነበሩትን አራት ሴቶች እንዲስል ሰዓሊው ታዘዘ። አራተኛዋ ታላቅ እህቱ ናት። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱ ገና ጎረምሳ ሳለ ዓይኗ ጠፍቶ መድረኩን ተወች።

አለቃው ንድፉን አየና «ይቺን ደግሞ ማን ያውቃታል? አውጣት!» አለው።

እህቴ ናት ማለት ምን ይከብዳል? አፍ የለውም? ከሥራዬ እባረራለሁ ብሎ ዋጥ አደረገና አጠፋት። በቦታዋ ባዶ መድረክ ቀረ።

የመጀመሪያው ናሙና ሲታተም ቤት ይዞት ገባ።

«አለሁበት ወንድሜ?»

«እንዴታ እትዬ! ያላንቺ ምን ያምራል?» አለ። ፊቱ ፍም መሰለ። ደግነቱ አታየኝም ብሎ ተጽናና፣ የማያፍር!

«እስቲ አምጣው። ቀለሙ በእጅ ይዳሰሳል ብለኸኝ የለ?»

ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ ትዳስስ ጀመር። «ይቺ ወፍራሟ ናት፤ አፏን እንደ በር ከፍታዋለች። ይቺ ቀጭኗ። ይቺ ደግሞ ኩራተኛዋ።» ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ወንድምየው «እትዬ፣ ይቅር...» ሲል ሳቀች።

«ይኸው እኔ!»

አጎንብሶ አየ። እሱ ያጠፋት እህቱ ባዶው ቦታ ላይ ቆማ፣ በተከፈተ ዓይኗ ትክ ብላ ታየዋለች።

ወንበሩ ላይ ያለችው እህቱ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ጣቷን ከወረቀቱ አላነሳችም።

«ውይ አንተ!» አለች። «ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብህ?»